አውሲ አልዊና ለወንድሟ የመረጠችው ክፍል

ወደ ቀዩ የአሸዋ ኮረብታ የሚጓዝ እንግዳ ሁሉ መንደራችን ናምኩብ ሲደርስ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ የት ልደር ይላል። ከአቀበቱ ራስ ላይ መዋኛና ሰፊ በረንዳ ያለው ሎጅ አለ። ከደረቁ ወንዝ ማዶ የሸራ ድንኳኖች የተደረደሩበት ካምፕ አለ። መንደራችን ራሱ የሚያስተዳድረው ደግሞ ከግራሮቹ ሥር ያለው ሜዳ ነው፤ እዚያ ሰው የራሱን ድንኳን ይዞ መጥቶ ይተክላል፣ ማገዶውን ከአባቴ ይገዛል፣ የቀረውን ነፋሱ ያውቃል። ነዳጅ ማደያው አጠገብ መኪናውን አቁሞ የሚያመነታ ሰው ከታየ ጣት ሁሉ ወደ አውሲ አልዊና ይቀሰራል። አውሲ ታላቅ እህት ማለት ነው፤ መንደሩ በሙሉ፣ በዕድሜ የሚበልጧት ሳይቀሩ፣ በዚህ ስም ይጠሯታል።

አውሲ አልዊና ዕድሜዋን በሎጁ አልጋ ስታነጥፍ ኖራ በመጨረሻ የአንጣፊዎቹ አለቃ የሆነች ሴት ናት። ለሚያመነታው እንግዳ የምታቀርብለት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።

"ከምን ሸሽተህ ነው የመጣኸው?"

ከሙቀት ካላት ወደ ሎጁ፣ ከሰው ካላት ወደ ካምፑ፣ ከሥራ ካላት ወደ ግራሮቹ ትሰደዋለች። አንዱ "ከሚስቴ ነው" ቢላት፣ "እንግዲያው መኪናህ ውስጥ እደር፤ ስትታረቁ ለመመለስ ይቀርብሃል" ብላዋለች ይባላል።

የትኛው ክፍል የጄኔሬተሩ ድምፅ እንደሚሰማው፣ የምሥራቁ ነፋስ ሲነሣ በየትኛው በር ሥር አሸዋ እንደሚገባ ታውቃለች። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አልጋ ታነባለች። ጠዋት ለጽዳት ስትገባ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ ማን እንቅልፍ እንዳጣ፣ ማን የአገሩ ነገር ሆዱን እንዳባባው ከአንሶላው ታውቀዋለች። "አፍ የፈለገውን ያወራል፤ አንሶላ ግን ምስክር ነው" የሚል አባባል አላት።

ይህች ሴት ለባዕድ ሁሉ ማደሪያ ስትመርጥ ኖራ አንድ ጊዜ ለገዛ ወንድሟ መረጠች፤ ምርጫዋም ወንድሟን አሳጣት። ነገሩን ከሁለቱም ወገን የማውቀው፣ በመካከላቸው ቃል ሲያመላልስ የነበረው አባቴ ኮቡስ ስለሆነ ነው።

ወንድሟ ኤራስቱስ ይባላል። ገና ጢሙ ሳይወጣ ወደ ባሕሩ ዳርቻ፣ ወደ ዋልቪስ ቤይ ወርዶ በዓሣ ፋብሪካ ተቀጠረ። እዚያው አገባ፣ እዚያው ወለደ፣ ሚስቱን ሬናቴንም እዚያው ቀበረ። ጡረታ ከወጣ በኋላ ከልጁ ጋር ሲኖር ቆይቶ አንድ ቀን ለአባቴ ደወለለት።

"ለእህቴ ንገርልኝ" አለው። "ጉሙ ደረቴን ጨረሰው። መጥቼ ቦታውን ማየት እፈልጋለሁ።"

ቦታውን ማየት ምን ማለት እንደሆነ ናምኩብ ውስጥ የማይገባው ሰው የለም። የመንደሩ ልጅ ሲያረጅ ቦታውን ሊያይ የሚመጣው ቀሪ ዘመኑን የሚያሳልፍበትን ሥፍራ ሊመርጥ ነው። ልቡ ካረፈ ይቀራል፤ ካላረፈ በልቶ፣ ጠጥቶ፣ አመስግኖ ይሄዳል፤ ዳግመኛም አይጠየቅም። አውሲ አልዊና ባሏን ቀብራ፣ ልጆቿን ወደ ዋና ከተማው፣ ወደ ዊንድሁክ ሸኝታ፣ ከፍየሎቿ ጋር ብቻዋን የቀረች ነበረች። የወንድሟን መመለስ የተመኘችው ጸጉሯ ሳይሸብት ጀምሮ ነው።

ታዲያ ለምን "ና፣ ከእኔ ጋር ኑር" አላለችውም የሚል ይኖራል። በእኛ ዘንድ ወንድምና እህት ካደጉ በኋላ ይከባበራሉ። ሰላምታ ይለዋወጣሉ፣ ስለ ዝናብና ስለ ከብት ይጫወታሉ፤ ስለ መኝታ፣ ስለ ሕመም፣ ስለ ልብ ጉዳይ ግን አፍ ለአፍ አይነጋገሩም፤ ቃላቸውን ሰው ያደርሰዋል። ታናሽ ወንድም የታላቅ እህቱን ቃል አይመልስም፤ የወንድ ልጅ የመጨረሻው መሐላም በእርሷ ስም ነው። የዛሬ ልጆች ይህን ትተውታል። እነዚህ ሁለቱ ግን እናታቸው እንዳሳደገቻቸው ኖረዋል።

ቃላቸውን የሚያደርሰው አባቴ የእናታቸው ወንድም ልጅ ነው። ለአጎት ልጅ ደግሞ ሕጉ ሌላ ነው፤ ከእርሱ ጋር መቀለድ መብት ብቻ ሳይሆን ግዴታም ነው። ሳይሳደብ ቁም ነገር የጀመረ የአጎት ልጅ "ምነው፣ ታመሃል እንዴ?" ይባላል። በአህያ ጋሪ ማገዶ እያመላለሰ የሚሸጠው አባቴ በዚህ ግዴታው ሰንፎ አያውቅም። እነሆ የሁለት ጨዋ ሰዎች የልብ ጉዳይ የተሰጠው፣ ቁም ነገር መናገር ላልተፈቀደለት ሰው ነበር።

የኤራስቱስን ቃል ይዞ ሲሄድ አውሲ አልዊና ፍየል እያለበች ነበር።

"አንቺ አልዊና፣ ዓሣው ከባሕር ሊወጣ ነው" አላት። "ቦታውን አያለሁ ብሏል።"

እጇ ጡቱ ላይ ቀጥ አለ። "በእናትህ፣ አትቀልድ።"

"በጋሪዬ አምላክ። ቤትሽን ጥረጊ።"

"ቤቴ አይሆንም።"

"ቤትሽ ምን ሆነ? ለፍየሎቹ አከራየሽው?"

"ሬናቴ ያለችውን ረሳኸው?"

አባቴ አልረሳም፤ ራሱ ነበር ያደረሰው። ሬናቴ በሕይወት ሳለች ከባሏ ጋር መጥታ በአውሲ አልዊና የቆርቆሮ ቤት አድራ ነበር። ሲነጋ ለአባቴ፣ እየሳቀች፣ "ፍየሎቹ ትራሴ ላይ ሲተነፍሱ አደሩ" አለችው። እርሱም እየሳቀ ለአውሲ አልዊና ነገራት፤ እርሷም ሰምታ ሳቀች። እንግዶቹ በሄዱ ማግስት ግን ከቤቷ በስተምሥራቅ የነበረውን የፍየሎች በረት ብቻዋን ነቅላ ከግቢው ዳር አዛወረችው። ባዶውን መሬት ከዚያ ወዲህ አልነካችውም። በዚህ አገር ሰው ከቀለደው ሁሉ ተመርጦ በልብ የሚያዝ አንድ ቀልድ አለ፤ ብዙ ጊዜም የሚያዘው የተሳሳተው ነው።

ሎጁ ለረጅም አገልግሎቷ የሸለማት ነገር ነበር፤ በመረጠችው ክፍል፣ የመረጠችው ሰው፣ ሁለት ቀን በነጻ እንዲያርፍ። ልጆቿ ጠይቀዋት ከልክላቸዋለች። ያስቀመጠችው ለማን እንደሆነ ያን ቀን ታወቀ።

በዚያ ሰሞን የምታውቃቸውን ክፍሎች እንደ አዲስ እየዞረች አየቻቸው። በመዋኛው አጠገብ ያሉትን ጫጫታ አለባቸው ብላ ተወቻቸው። ሙሽሮች የሚይዙት ትልቁ ክፍል ግርማው ሰው ያስፈራል አለች። ከወጥ ቤቱ ጀርባ ያለው ሽታ ይገባዋል፤ "ሽታ ሸሽቶ ለሚመጣ ሰው ሽታ አልሰጠውም" አለች። በመጨረሻ ያጸናችው የዳሩን ትንሽ ክፍል ነው። ከፈረንጆቹ ማንም ፈልጎት አያውቅም፤ በሩ ወደ አሸዋው ሳይሆን ወደ ፀሐይ መውጫ ይከፈታልና። እናታቸው የሠራችው የሰሌን ቤት በሩ ወደ ፀሐይ መውጫ ነበር። ከበረንዳው ደግሞ፣ ከታች፣ የእርሷ ቤት ይታያል።

"እዚያ ሲቀመጥ የእኔን ጭስ ያያል" አለችው ለአባቴ።

"ጭስ ለማየት ሎጅ?"

"አንተ ምን ታውቃለህ፣ የአህያ ባልንጀራ።"

ኤራስቱስ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትበርድ ደረሰ። አሮጌ ፒክአፕ ይነዳል፤ ጭነቱ በሸራ ተሸፍኖ በገመድ ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል። እንደ ሥርዓቱ አስቀድሞ እኛ ቤት ቆመ።

"አንተ ዓሣ፣ በደረቅ መሬት እንዴት ትተነፍሳለህ?" አለው አባቴ።

"አንተ አየሩን በወሬ ጨርሰኸው እንዴት ልተንፍስ?"

"ሸራው ሥር ምንድን ነው? ሬሳ ነው?"

"ያንተ ሳጥን ነው። ቁመትህን ረስቼ ረዘም አድርጌ አሠራሁት።"

እናቴ ሻይ ሰጠችው። ሳቅ ሲበርድ አባቴ የሎጁን ነገር ነገረው፤ ክፍሉን፣ መዋኛውን፣ ነጩን አንሶላ፣ እንደ ጀርመን ጡረተኛ ተንጋሎ እንደሚያድር። ኤራስቱስ ስኒውን አስቀመጠ።

"እህቴ ናት የመረጠችው?"

"ራሷ ናት። አንድ ሳምንት ሙሉ ስትዞር።"

ወደ ቤቷ ተመለከተ። ጭሱ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ለእርሱ መምጣት ብላ በአመድ ውስጥ ዳቦ እየጋገረች ነበር።

"ንገርልኝ" አለ ቀስ ብሎ። "እኔ የምፈልገው ምንጣፍ ብቻ ነው፤ ከምድጃዋ አጠገብ። ቦታ ከጠበበም በፍየሎቹ በኩል ይሁን፤ አይከፋኝም።"

አባቴ ቃሉን ይዞ ሄደ። አውሲ አልዊና አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ፣ ሻሿን እያሰረች በር ላይ ቆማለች።

"ወንድምሽ ከፍየሎቹ ጋር ካላደርኩ ብሏል" አላት። "ዋልቪስ ቤይ ሴት አልቆ መሆን አለበት።"

ሳቀች፤ ዕንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሳቋ ከቀልዱ ይልቅ የመምጣቱ ነበር። "ፍየሎቼ ዓሣ የሚሸት ወንድ አንፈልግም ብለዋል በለው። ደግሞ ሎጁ ሳሙና አለው በለው።"

አባቴ ይህንንም ወሰደ። ከቃሏ ላይ አልቀነሰም፤ የጨመረውም የለም። ኤራስቱስ ሲሰማ ክንዱን ወደ አፍንጫው ሊያስጠጋ ጀምሮ ተወው። ዕድሜውን ሙሉ በፋብሪካው ሽታ የተነሣ በአውቶቡስ ውስጥ ሰው ሲሸሸው የኖረ ሰው ነበር።

"እህቴ ያለችው ይሁን" አለና ተነሣ።

በማግስቱ አውሲ አልዊና ፈቃድ ላይ ሆና ሳለ ሌላ ሴት የወንድሟን ክፍል እንዳትነካ ከልክላ ራሷ ገባች። እርሱ ቁርስ ሊበላ ወጥቶ ነበር። አልጋው ተነጥፏል። እንግዳ ተነሥቶ ያነጠፈው አልጋ እንዴት እንደሚመስል ታውቃለች፤ ይህ ግን የራሷ እጅ ነበር። በእግርጌ በኩል ያለውን የአንሶላ ማዕዘን እንደ እርሷ የሚያጥፍ በሎጁ ማንም የለም፤ እጥፋቱ ትናንት እንደተወችው ነው። በረንዳው ላይ፣ ደረቁ ወለል ላይ፣ ብርድ ልብስ ተጣጥፎ ከትራሱ አጠገብ ተቀምጧል። ራሱን ወደ ፀሐይ መውጫ፣ ፊቱን ወደ እርሷ ቤት አድርጎ እንዳደረ ከትራሱ ጉድጓድ አነበበች።

አባቴን ከማገዶው ላይ አስጠራችው። "ጠይቅልኝ። አልጋው ምን ጎደለው?"

አባቴ ሄዶ ጠየቀው። የኤራስቱስ መልስ ይህ ነበር፦ "አልጋው በጣም ያምራል። እንደ እኔ ላለ ሰው ማበላሸት መሰለኝ።" አባቴም ለአውሲ አልዊና፣ "አንሶላው ላይ ዓሣ እንዳይታተም ፈርቶ ነው" ብሎ አደረሰው። በዚህኛው ሳቋ አጭር ነበር፤ እንደ ሳል ወጣና ቆመ።

ለምሳ ፍየል ታረደ። እኛም ሁላችን ሄድን። ኤራስቱስ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ መጣና ከበሩ ውጪ፣ ለእንግዳ በወጣው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

"ወንድሜ፣ ደህና አደርክ?" አለችው።

"ደህና አደርኩ፣ አውሲ።"

"ዝናቡስ፣ በእናንተ በኩል?"

"ጉም ብቻ ነው። ፍየሎቹስ?"

"ደህና ናቸው። ሁለቱ መንታ ወለዱ።"

"እሰይ።"

ሁለቱም ዓይናቸውን መሬት ላይ አድርገው ነበር። ከዚያ በላይ የሚባል አልነበረም፤ የሚባለውም በአባቴ በኩል መሆን ነበረበት፤ አባቴ ደግሞ ጉበቱን እየበላ የመንደሩን ልጆች ያስቃል። ከምግብ በኋላ ኤራስቱስ ተነሥቶ በግቢው ዞር ዞር አለ። ከቤቱ በስተምሥራቅ ያለው ባዶ መሬት ጋር ሲደርስ ቆመ።

"እዚህ ምን ነበር?" ሲል አባቴን ጠየቀው።

"በረቱ ነበራ። ሚስትህ ፍየሎቹን ካማች በኋላ አፍረው ዳር ወጡ።"

ኤራስቱስ መሬቱን በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረገ። ጠፍጣፋና ጠንካራ ነበር፤ መሠረት የሚሸከም መሬት። እኔ እዚያው ቆሜ ስለነበር አየሁት፤ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፍቶ ነበር። አባቴ ግን ከአፉ ቀድሞ፣ "መቃብርህን እየመረጥክ ከሆነ አፈሩ ከባድ ነው፤ ለመቆፈር አልረዳህም" አለው፤ ሁሉም ሳቁ። ኤራስቱስም አብሮ ፈገግ አለ።

"ለእህቴ ንገርልኝ" አለ ከዚያ፤ "ቦታውን አይቻለሁ። አመሰግናለሁ። ዛሬውኑ ወደ ልጄ እመለሳለሁ።"

አባቴ ወደ ምድጃው ሄደ። አውሲ አልዊና ለመንገዱ የሚሆን ሥጋ በጨርቅ እየቋጠረች ነበር። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ቀልድ ተናገረ።

"ቦታውን አይቻለሁ፣ አመሰግናለሁ፣ ወደ ልጄ እመለሳለሁ ብሏል።"

ቀና ብላ አየችው። ከንፈሯ ለሳቅ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል።

"እሺ፣ እናስ?"

"እናስ የለውም።"

"ኮቡስ፣ ጨርሰው።"

"ጨርሻለሁ፣ አልዊና።"

አሁንም ጠበቀችው። የቋጠረችውን ይዛ፣ ቀልዱ መጥቶ ነገሩን እስኪያፈርሰው ጠበቀች። ሞተሩ ሲነሣ ነው ከንፈሯ የወደቀው። እናቴ ቋጠሮውን ከእጇ ወስዳ ወደ መኪናው ሮጠች።

አባቴ ቀድሞ ደርሶ የላላውን ገመድ ሊያጠብቅለት ነበር። ነፋሱ ሸራውን ሲገልጠው ከሥሩ ያለው ታየው፤ መቃን ያለው የእንጨት በር፣ ከጎኑም መስታወቱ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ መስኮት።

"በር ነው እንዴ?" አለው።

"በር ነው። ሬናቴ የመረጠችው።"

"ምን ልታደርገው?"

ኤራስቱስ ሸራውን መልሶ ሸፈነው። "ከእህቴ ግድግዳ ጋር አንዲት ክፍል ላስጠጋ ነበር" አለ፤ ቋጠሮውን ከእናቴ ተቀበለና ሄደ። አባቴ አቧራው እስኪረግፍ መንገዱ ላይ ቆሞ ቀረ።

ያን ዕለት ቤት ገብቶ ነገረን። እናቴ ወጡን ከእሳቱ አወረደችና፣ "ተነሥ፤ አሁኑኑ ሄደህ ለእርሷ ንገራት" አለችው። ሄደ። አውሲ አልዊና የበሩን ነገር ከሰማች በኋላ እንዲህ ተባባሉ፤ ሁለቱም ደጋግመው ስለነገሩኝ ቃል በቃል አውቀዋለሁ።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ነገርኩሽ እኮ። ከፍየሎቹ ጋር ልደር አለ አልኩሽ።"

"እንደዚያ ነው እንዴ የሚነገረው?"

"እኔ ሌላ አነጋገር መቼ ተሰጠኝ፣ አልዊና? ደግሞ አንቺም ሳቅሽ።"

በዚህ አልተቀያየሙም። የሚቀያየሙበትን ነገር ፈልገው ያጡ ይመስለኛል፤ እርሱ የዋሸው የለም፣ እርሷ የከለከለችው የለም፣ ኤራስቱስም የተናገረውን በትክክል ተናግሯል። ሕጉን ሦስቱም ጠብቀዋል።

በማግስቱ አባቴ ደወለለት። "እህትህ ና ትልሃለች፤ የምሥራቁ መሬት ያንተ ነው ትላለች። ይህ ቀልድ አይደለም" አለው። ኤራስቱስ በስልኩ ውስጥ ሳቀ። "አንተ ቀልድ አይደለም ያልከው ቀልድ ስንት ነው?" አለው። ቆይቶ ደግሞ፣ "በሩን ስለነገርካት አዝናልኝ ነው። ታላቅ እህት አንዴ የመረጠችውን ለእኔ ብላ እንድትሽር አላደርግም" አለ። አባቴ ስልኩን ለአውሲ አልዊና ሰጣት። ጆሮዋ ላይ አስጠግታ ያዘችው።

"ወንድሜ፣ ደህና ነህ?"

"ደህና ነኝ፣ አውሲ።"

"ጉሙስ?"

"አለ። ፍየሎቹስ?"

"ደህና ናቸው።"

የቀረውን ማለት አልቻለችም፤ እርሱም አልቻለም። ስልኩን ለአባቴ መለሰችለት።

ከዚያ ወዲህ ክረምቶች አልፈዋል። ኤራስቱስ አሁንም ዋልቪስ ቤይ ነው፤ ሳሉ እንደበረታ እንሰማለን። አውሲ አልዊና ከሎጁ ሥራ ለቅቃለች። በነዳጅ ማደያው የሚያመነቱ እንግዶች ዛሬም ይላኩባታል፤ የምትጠይቃቸው ጥያቄ ግን ተለውጧል። "እዚህ አካባቢ የምታውቀው ሰው አለ?" ትላለች። አለ ካሉ፣ "እንግዲያው ሂድና እርሱ ጋ እደር፤ ብታፍርም እንኳ ራስህ ንገረው" ትላለች። እንግዶቹ የሎጁን ዋጋ ጠይቀው ይህን ሲሰሙ ይገረማሉ።

በምሥራቁ መሬት ላይ አንዲት ክፍል ቆማለች። ቆርቆሮውን የመታው አባቴ ነው፤ ወለሉን የጠቀጠቀችው እርሷ ናት። የበሩን ቦታ፣ አባቴ ሸራው ሥር ያየውን በር መጠን በክንዱ እየለካ፣ በግምት ክፍት ተዉለት፤ ወደ ፀሐይ መውጫ ይከፈታል። በውስጡ አልጋ አለ፤ የአንሶላው ማዕዘን በእርሷ እጥፋት ታጥፏል። የምሥራቁ ነፋስ ሲነሣ ግን አሸዋው በክፍቱ ገብቶ አልጋውን ይሸፍነዋል፤ እርሷም ሲነጋ አራግፋ እንደገና ታነጥፈዋለች።

ባለፈው ሳምንት አባቴ ይህን አይቶ፣ ከወደቀው የካምፑ መጋዘን ያገኘውን የቆርቆሮ መዝጊያ በጋሪው ጭኖ መጣ።

"ይህን ልግጠምልሽ" አላት። "ቤት ያለ በር አይሆንም።"

አውሲ አልዊና መዝጊያውን አየችው። ከዚያም አሸዋውን ወደ መጥረግ ተመለሰች።

"በር አለው" አለች። "ዋልቪስ ቤይ ነው ያለው።"